ፋብሪካው ጸዳ ወይስ መስመሩ ብቻ ወረደ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፦ የአንድ አገር ፋብሪካዎችና የግንባታ ሥራዎች ነዳጅ አቃጥለው የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በረጅም ዓመታት ውስጥ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአገር ስም ያልተጠቀሰባቸው የምርትና የልቀት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የቀረቡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከነዳጅ ማቃጠል ከሚመጣው የአገሪቱ ልቀት ውስጥ የአምራች ኢንዱስትሪውና የግንባታው ድርሻ በ1990 38 በመቶ የነበረው በ2020 ወደ 21 በመቶ መውረዱን የሚያሳይ ግራፍ አየሁ። «ፋብሪካዎቹ ንጹሕ ሆኑ» ብዬ በመመረቂያ ጽሑፌ ላስፍር? (የኢኮኖሚክስ ተማሪ)

መልስ፦ አያስፍሩ። ድርሻ ክፍልፋይ ነው፤ ላዕሉ ሳይቀንስ ታህቱ ካበጠ ይወርዳል። እስቲ ግራፉ ላይ ቶን እናስገባበት። በ1990 የአገሪቱ ጠቅላላ የነዳጅ ልቀት 10 ሚሊዮን ቶን ከነበረ 38 በመቶው 3.8 ሚሊዮን ነው። በ2020 ጠቅላላው 30 ሚሊዮን ከደረሰ 21 በመቶው 6.3 ሚሊዮን ይሆናል። መስመሩ ቁልቁል ሲወርድ የፋብሪካዎቹ ጭስ በ66 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። ከ20 ሚሊዮን ቶኑ ጭማሪ ውስጥ 17.5 ሚሊዮኑን ያመጡት መኪናዎች፣ የኃይል ማመንጫዎችና የቤት ምድጃዎች ናቸው። ኢንዱስትሪው ያነሰ የመሰለው እነሱ ስለገዘፉ ነው።

ተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ብሪታንያ የመጨረሻውን የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫዋን፣ ራትክሊፍ ኦን ሶርን፣ የዘጋችው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ነው። ኃይል ማመንጨቱ ከከሰል ሲላቀቅ ታህቱ ይቀንሳል፤ የቀሩት ዘርፎች ድርሻ፣ ኢንዱስትሪውን ጨምሮ፣ አንድ ጭስ ማውጫ ሳይለወጥ ከፍ ይላል። የሚገርመው በዚያው ዕለት እዚያው ብሪታንያ፣ በፖርት ታልቦት የሚገኘው የብረት ፋብሪካ የመጨረሻውን ብላስት ፈርነስ (ብረት ከማዕድኑ የሚቀልጥበትን ትልቅ ምድጃ) አጠፋ። ይህኛው ደግሞ ላዕሉንም ታህቱንም ቀነሰ። ሁለት መዘጋት በአንድ ቀን፤ ድርሻውን ግን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚጎትቱ። ድርሻውን ብቻ የሚያይ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደተፈጸመ ሊያውቅ አይችልም።

ሦስተኛ ወጥመድ አለ፤ ተማሪዎች በብዛት የሚወድቁበትም ይሄ ነው። አንድ ፋብሪካ የራሱን ናፍጣ ጄኔሬተር አቁሞ ከመስመር መብራት ቢወስድ ልቀቱ ከኢንዱስትሪው ረድፍ ተነሥቶ ወደ ኃይል ማመንጫው ረድፍ ይዛወራል። ደህና ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 0.27 ሊትር ያህል ናፍጣ ይበላል፤ ይህም 0.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። መስመሩ ከውኃ ግድብ የሚመጣ ከሆነ ያ 0.7 ኪሎ በእርግጥ ጠፍቷል። ከድንጋይ ከሰል ጣቢያ ከሆነ ግን አንዱ ኪሎዋት ሰዓት ወደ 0.9 ወይም 1 ኪሎ ይጠጋል። ፋብሪካው በወረቀት ላይ ጸድቶ አገሪቱ ቆሽሻለች።

ስለዚህ ለጽሑፍዎ ሦስት መስመሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፦ የኢንዱስትሪውን ልቀት በቶን፣ ድርሻውን በመቶኛ፣ ልቀቱን ደግሞ ለአንድ ቶን ምርት። ሦስቱም ከወረዱ ያን ጊዜ ስለ ንጽሕና ማውራት ይቻላል። ሦስቱንም ማግኘት ካልቻሉ ድርሻውን ትተው ቶኑን ይያዙ።

ጥያቄ፦ የሲሚንቶ ፋብሪካችንን ልቀት «አምራች ኢንዱስትሪና ግንባታ» በሚለው የአገር አቀፍ ሰንጠረዥ ረድፍ ውስጥ ፈለግሁ። ግማሹን እንኳ አላገኘሁም። ሌላው የት ገባ? (የሂደት መሐንዲስ)

መልስ፦ ሰንጠረዡ አልተሳሳተም። በአይፒሲሲ (የልቀት አቆጣጠር መመሪያ የሚያወጣው የመንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ) የ2006 መመሪያ መሠረት ያ ረድፍ (በኮዱ 1ኤ2) የሚይዘው ነዳጅ በመቃጠሉ የሚመጣውን ብቻ ነው። የእናንተ ኪልን (የኖራ ድንጋዩ የሚቃጠልበት ምድጃ) ግን ጋዙን የሚያወጣው ከሁለት ምንጭ ነው።

አንድ ቶን ክሊንከር (ከኪልኑ ወጥቶ ሲፈጭ ሲሚንቶ የሚሆነውን) እንውሰድ። ቅድመ ማሞቂያና ፕሪካልሳይነር (የኖራ ድንጋዩን ኪልኑ ውስጥ ሳይገባ ማፍረስ የሚጀምር ክፍል) ያለው የደረቅ ዘዴ ኪልን 3.4 ጊጋጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ነዳጁ ቢቱሚነስ የድንጋይ ከሰል ከሆነ ለእያንዳንዱ ጊጋጁል 94.6 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ሲባዛ 0.32 ቶን። ከዚህ ውጭ የኖራ ድንጋዩ ራሱ በሙቀት ሲፈርስ የተሸከመውን ጋዝ ይለቃል፤ በአንድ ቶን ክሊንከር 0.52 ቶን ያህል። ኪልኑን በፀሐይ ብርሃን ቢያሞቁት እንኳ ይህኛው አይቀርም። ድምሩ 0.84 ቶን ሲሆን ከዚህ 62 በመቶው የሚመዘገበው «የኢንዱስትሪ ሂደቶች» በሚባለው ምዕራፍ፣ በ2ኤ1 ኮድ ነው። የወፍጮዎቹ መብራት ደግሞ ወደ ኃይል ማመንጫው ረድፍ ሄዷል። በድንጋይ ማውጫው ውስጥ የሚሠሩት ሎደርና ዶዘር እዚያው 1ኤ2 ውስጥ ሲቆጠሩ፣ ሲሚንቶውን በአስፋልት የሚያጓጉዙት መኪናዎች በትራንስፖርት ውስጥ ናቸው።

ከሲሚንቶ ውጭም ድንበሩ የሚያምታታባቸው ቦታዎች አሉ። በብላስት ፈርነስ ውስጥ ያለው ኮክ (ከድንጋይ ከሰል የሚሠራ ጠጣር ነዳጅ) ነዳጅም ነው፣ ኦክስጅንን ከብረት ማዕድኑ የሚነጥቅ ግብዓትም ነው። የ2006ቱ መመሪያ ወደ ሂደት ያስገባዋል። የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲን መረጃ ተከትለው የሚዘጋጁ ሰንጠረዦች ግን ከአምራች ኢንዱስትሪው ነዳጅ ጋር ሲደምሩት ኖረዋል። ብረት የሚያቀልጥ አገር በሁለት ሰንጠረዦች ላይ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ቢኖሩት አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም።

ለራሱ ፍጆታ መብራት የሚያመነጭ ፋብሪካም እንዲሁ ነው፤ በአይፒሲሲ ደንብ ልቀቱ ከፋብሪካው ዘርፍ ጋር ይቆያል፣ በኢነርጂ ኤጀንሲው የቆየ አሠራር ግን ለብቻው «ያልተመደቡ» በሚል ተነጥሎ ይታይ ነበር። የነዳጅ ማጣሪያ ብዙዎች ፋብሪካ ነው ብለው ቢያስቡም ከኢነርጂ ኢንዱስትሪዎች ይመደባል። ሬንጅና ለፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ የሚሆን ናፍታ (ናፍጣ ሳይሆን ሌላ የፔትሮሊየም ውጤት) ስላልተቃጠሉ እዚህ አይገቡም። ኪልን ውስጥ አሮጌ ጎማ ወይም ፕላስቲክ የምታቃጥሉ ከሆነ ደግሞ ከፔትሮሊየም የተገኘው ክፍል እንደ ነዳጅ ይቆጠራል፤ ቆሻሻ ስለነበር ብቻ ነጻ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከነዳጅ ደረሰኞቻችን ተነሥተን የ15 ዓመት ልቀት እንድንሠራ ተጠይቀናል። ከየት እንጀምር? በብዛት የሚሳሳቱትስ ምን ላይ ነው? (የፋብሪካ ኢነርጂ ሥራ አስኪያጅ)

መልስ፦ ከመጋዘኑ ይጀምሩ። ደረሰኝ የተገዛውን እንጂ የተቃጠለውን አይናገርም። የዓመቱ መጀመሪያ ክምችት ሲደመር ግዢ፣ ሲቀነስ የዓመቱ መጨረሻ ክምችት፣ ሲቀነስ ለሌላ የተሰጠ ወይም የተሸጠ፤ የቀረው የተቃጠለው ነው። በዲሴምበር ታንከሩን ሞልቶ በጃንዋሪ የሚያቃጥል ፋብሪካ ክምችቱን ካላረመ አንዱን ዓመት ቆሻሻ፣ ቀጣዩን ንጹሕ ያደርጋል። የበጀት ዓመታችሁ ከቀን መቁጠሪያው ዓመት ጋር ካልገጠመ ወር በወር ሠርታችሁ መልሳችሁ ደምሩ፤ ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ መውሰድ ሥራው ወቅታዊ በሆነ ፋብሪካ ላይ አይሠራም።

ከዚያ ሁሉንም ወደ ቶን ይለውጡ። ናፍጣ በሊትር ነው የሚገዛው፤ አንዱ ሊትር 0.84 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ቶኑን በሙቀት ይዘቱ ያባዙ። የአይፒሲሲ መነሻ ቁጥሮች በአንድ ቶን እንዲህ ናቸው፦ ናፍጣ 43.0 ጊጋጁል፣ ከባድ ጥቁር ናፍጣ 40.4፣ ቡታጋዝ 47.3፣ ቢቱሚነስ ከሰል 25.8፣ ፔትኮክ (ከፔትሮሊየም ማጣሪያ የሚተርፍ ጠጣር ነዳጅ) 32.5። የተገኘውን ጊጋጁል በልቀት ማባዣው ያባዙ፤ በኪሎ ለአንድ ጊጋጁል ናፍጣ 74.1፣ ከባድ ጥቁር ናፍጣ 77.4፣ ቡታጋዝ 63.1፣ ከሰል 94.6፣ ፔትኮክ 97.5፣ የተፈጥሮ ጋዝ 56.1።

አንድ ዓመት እንሥራ። 850,000 ሊትር ናፍጣ 714 ቶን ነው፤ 30,702 ጊጋጁል ይሰጣል፤ 2,275 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። 1,200 ቶን ከባድ ጥቁር ናፍጣ 48,480 ጊጋጁል፣ 3,752 ቶን። 5,000 ቶን ከሰል 129,000 ጊጋጁል፣ 12,203 ቶን። ድምር 18,230 ቶን።

አሁን ወደ ስሕተቶቹ። ትልቁ ከሰሉ ላይ ነው። ከሰል ከማዕድን ማውጫ ማዕድን ማውጫ፣ ከእርጥበት እርጥበት ይለያያል። የላቦራቶሪ ወረቀታችሁ በአንድ ቶን 22 ጊጋጁል ካለ፣ ያው 5,000 ቶን 110,000 ጊጋጁል ብቻ ይሆንና ልቀቱ 10,406 ቶን ላይ ይቆማል። ልዩነቱ ወደ 1,800 ቶን ይጠጋል፤ የናፍጣውን አብዛኛውን ክፍል ያህል ማለት ነው። የራሳችሁ ምርመራ ካለ መነሻ ቁጥሩን ተዉት። ግን ምርመራው በእርጥቡ ላይ ነው ወይስ በደረቁ? ሚዛኑ የመዘነው እርጥቡን፣ ላቦራቶሪው የለካው የደረቀውን ከሆነ ሁለቱን ማባዛት ውኃውን እንደ ነዳጅ መቁጠር ነው።

ሌላው ስሕተት ጠቅላላውንና የተጣራውን የሙቀት ይዘት ማደባለቅ ነው። አንዳንድ አቅራቢዎች የሚጽፉት ጠቅላላውን ነው፤ ማለትም በጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ውኃ ሲመለስ የሚሰጠውን ሙቀት ጨምረው። ከላይ ያሉት ማባዣዎች የተዘጋጁት ለተጣራው ነው። ሳያርሙ ካባዙ ከሰልና ዘይት ላይ 5 በመቶ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ላይ 10 በመቶ ያህል ይተርፋል። የጋዝ ሒሳብ ሁልጊዜ ትንሽ ወፈር ብሎ ከወጣባችሁ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

የቆዩ ሰንጠረዦችን ስታመሳክሩ ደግሞ አሃዱን ተመልከቱ። በአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይዘጋጁ የነበሩት ታዋቂ ተከታታዮች የተጻፉት በካርቦን ቶን እንጂ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ቶን አይደለም። ወደ ሁለተኛው ለመለወጥ በ44/12፣ ማለትም በ3.667 ይባዛል። ይህን ረስቶ ሁለት ምንጭ የቀጠለ ሰው አገሩ በአንድ ሌሊት አራት እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ልቀት ሲያወጣ ያያል።

በመጨረሻም የ15 ዓመቱን በሙሉ በአንድ ዓይነት ዘዴ ሥሩ። የ1996ቱ መመሪያ ከከሰል 2 በመቶ፣ ከዘይት 1 በመቶ ሳይቃጠል ይቀራል ብሎ ይቀንስ ነበር፤ የ2006ቱ ግን ሙሉ በሙሉ እንደሚቃጠል አድርጎ ይጀምራል። ዘዴውን መካከል ላይ የለወጠ ሰው የሌለ ጭማሪ ይፈጥራል።

ጥያቄ፦ የአገሪቱ የኢንዱስትሪ ልቀት በአንድ ዓመት 30 በመቶ ወድቋል። ቀውስ ነው ወይስ የቁጥር ስሕተት? (ጋዜጠኛ)

መልስ፦ እውነተኛ ውድቀት ብቻውን አይመጣም፤ አጃቢ አለው። የክሊንከር፣ የብረት፣ የጡብ ምርት በቶን አብሮ ይወርዳል፤ ኢንዱስትሪው የሚገዛው መብራት ይወርዳል፤ የጭነት ትራንስፖርቱም ይቀዘቅዛል። በ1991 ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ በአባል አገራቱ የሆነው ይህ ነው፤ ከባድ ኢንዱስትሪው ሲወድቅ ሁሉም ነዳጅ አብሮ ወደቀ፣ ያውም ለተከታታይ ዓመታት። የወረርሽኙ ውድቀት ግን ሌላ መልክ ነበረው። በ2020 የዓለም የኢነርጂ ልቀት 5 በመቶ ያህል ቀንሶ በ2021 ያንኑ ያህል መልሶ ጨመረ። ምድጃዎቹ ጠፍተው ነበር እንጂ አልፈረሱም።

የሐሰት ውድቀት የሚታወቀው ከጎኑ ያለው ረድፍ ሲያብጥ ነው። የኢንዱስትሪው ናፍጣ 400,000 ቶን ወርዶ «ያልተገለጸ» ወይም «ንግድና አገልግሎት» የሚለው 400,000 ቶን ከወጣ፣ ነዳጁ አልቀነሰም፤ አዲስ መጠይቅ ወጥቶ አከፋፋዮቹ ደንበኞቻቸውን በሌላ ስም መድበዋል። ጠቅላላውን ማየት እዚህ ላይ ያድናል። የአገሪቱ ምርት ሲደመር ከውጭ የገባ፣ ሲቀነስ ወደ ውጭ የተላከ፣ ሲቀነስ ለዓለም አቀፍ በረራና መርከብ የተሸጠ፣ ሲቀነስ ወደ ክምችት የተጨመረ፤ ይህ ከላይ ወደ ታች የሚሠራ ሒሳብ ዘርፍ አያውቅም፣ ስለዚህ የዘርፍ ሽግሽግ አያታልለውም። በዘርፍ ከተሠራው ድምር ጋር ያለው ልዩነት ከ5 በመቶ ከበለጠ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ክለሳም አለ። ቻይና በ2015 ያለፉትን ዓመታት የከሰል ፍጆታ ከልሳ አሳደገች፤ ለ2012 ብቻ የተጨመረው 600 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው። ከክለሳው በፊት የወረደ ሰንጠረዥ ላይ ከክለሳው በኋላ የወጡ ዓመታትን የቀጠለ ሰው በእርግጥ ያልነበረ ዝላይ አየ። ከጽሑፍዎ ጋር መረጃውን ያወረዱበትን ቀን ይጻፉ።

አሮጌውና አዲሱ ተከታታይ ለጥቂት ዓመታት ከተደራረቡ መቀጠል ይቻላል። አሮጌው ለ2011፣ 2012 እና 2013 4.0፣ 4.2 እና 4.4 ሚሊዮን ቶን ይላል እንበል፤ አዲሱ ለእነዚሁ 4.6፣ 4.8 እና 5.1። የአዲሱ ድምር 14.5፣ የአሮጌው 12.6፣ ጥምርታው 1.151። አሮጌው ለ2005 3.1 ካለ 3.57 ተብሎ ይታረማል። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን የየዓመቱን ጥምርታ ለየብቻ ያስሉ። እዚህ 1.15፣ 1.14 እና 1.16 ስለሆነ ይሠራል። 1.02፣ 1.15 እና 1.31 ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ተከታታዮች የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም፤ መስፋት ሳይሆን መለየት ነበር የሚያስፈልገው።

ጥያቄ፦ ኪልኖቹ ዘመናዊ ሆነዋል፣ በቶን ክሊንከር የሚፈጀው ሙቀት ወርዷል ይባላል። የዘርፉ ልቀት ግን ከእጥፍ በላይ ነው። የትኛው ምክንያት ስንት ቶን እንዳመጣ መነጠል ይቻላል? (የፖሊሲ ባለሙያ)

መልስ፦ ይቻላል። የጃፓናዊው ዮይቺ ካያ ሐሳብ መሠረቱ ነው፤ ልቀትን በሚባዙ ምክንያቶች ሰንጥቆ ማየት። ለክሊንከር ሦስት ይበቃሉ፦ ምርት በቶን፣ ሙቀት ለአንድ ቶን፣ ካርቦን ለአንድ ጊጋጁል።

በመጀመሪያው ዓመት 2 ሚሊዮን ቶን ክሊንከር፣ በቶን 4.2 ጊጋጁል፣ በከባድ ጥቁር ናፍጣ 77.4 ኪሎ፤ ልቀቱ 650,000 ቶን። በመጨረሻው ዓመት 5 ሚሊዮን ቶን፣ በቶን 3.4 ጊጋጁል፣ ግን አሁን በድንጋይ ከሰል 94.6 ኪሎ፤ ልቀቱ 1,608,000 ቶን። ጭማሪው 958,000 ቶን ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንዱን ምክንያት ለውጦ ሌሎቹን እንዳሉ ይዞ ያሰላል። ያኔ ሦስቱ ሲደመሩ 958 አይመጡም፤ ማን እንደወሰደው የማይታወቅ ትርፍ ይቀራል። በሎጋሪዝም አማካይ የሚሠራው ዘዴ ትርፍ አይተውም። የልቀቱን ለውጥ በተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሞቹ ልዩነት ያካፍሉ፦ 958 ሲካፈል ለ0.9057፣ 1,058 ይሆናል። ይህን ክብደት በእያንዳንዱ ምክንያት ጥምርታ ሎጋሪዝም ያባዙ። ምርት፦ ሎጋሪዝም 5/2 0.9163 ነው፤ 969,000 ቶን ጨምሯል። ቅልጥፍና፦ ሎጋሪዝም 3.4/4.2 −0.2113 ነው፤ 223,000 ቶን ቀንሷል። ነዳጅ፦ ሎጋሪዝም 94.6/77.4 0.2007 ነው፤ 212,000 ቶን ጨምሯል። ሦስቱን ደምሩ፤ 958,000።

እንግዲህ የኪልኑ ዘመናዊነት ያተረፈውን ከሰሉ ከሞላ ጎደል መልሶ በልቶታል። ወሬው እውነት ነው፣ ልቀቱም እውነት ነው፤ «ቅልጥፍና አልሠራም» የሚለው መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው። ቅልጥፍናው ባይኖር ኖሮ በዚያው ምርትና በዚያው ከሰል 1,987,000 ቶን ይሆን ነበር። በዚህ ላይ ከኖራ ድንጋዩ የሚመጣው አልተጨመረም፤ ለተጨማሪው 3 ሚሊዮን ቶን ክሊንከር ብቻ 1.56 ሚሊዮን ቶን፣ ከነዳጁ ጭማሪ የሚበልጥ ነው።

ለመላው ኢንዱስትሪ ስትሠሩት አራተኛ ምክንያት ጨምሩ፤ መዋቅር። ልብስ ስፌት አድጎ ብረት ማቅለጥ ከቆመ በአንድ ብር ምርት የሚወጣው ልቀት ይወርዳል፣ አንድም ማሽን ሳይሻሻል። ንዑስ ዘርፎቹ ሲበዙ መዋቅሩ የሚወስደው ድርሻ ብዙውን ጊዜ ይገዝፋል፣ ሲጨፈለቁ «ቅልጥፍና» በሚለው ስም ይደበቃል። ስንት ንዑስ ዘርፍ እንደተጠቀመ ሳይናገር ስለ ቅልጥፍና የሚያወራ ሪፖርት ላይ ብዙ ባትመኩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስኳር ፋብሪካ ባጋስ (አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ገለባ) ያቃጥላል፣ የሻይ ማድረቂያ እንጨት። ልቀታቸው ዜሮ ነው የሚባለው ለምንድን ነው? (የግብርና መምህር)

መልስ፦ ዜሮ አይደለም፤ የሚጻፈው ሌላ ቦታ ነው። እንጨት በአንድ ጊጋጁል 112 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ከከሰል በላይ። ቁጥሩ በማስታወሻ ረድፍ ላይ ይሰፍራል፣ ከኢነርጂው ድምር ግን ይወጣል፤ ምክንያቱም ዛፉ ሲቆረጥ የጠፋው ካርቦን በመሬት አጠቃቀም ምዕራፍ ይቆጠራል፤ እዚህም ቢደመር ሁለት ጊዜ ይሆናል። አገዳ በዓመት በዓመት መልሶ ስለሚበቅል ባጋሱ ላይ ሒሳቡ ይዘጋል። ከማይተካ ደን የመጣ እንጨት ላይ ግን የሚዘጋው የደኑ ቆጠራ በትክክል ከተሠራ ብቻ ነው። ሲቃጠል አብረው የሚወጡት ሌሎቹ ሙቀት አማቂ ጋዞች፣ ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ፣ እዚያው በኢንዱስትሪው ረድፍ ይገባሉ፤ ለአንድ ቴራጁል (1,000 ጊጋጁል) እንጨት 30 ኪሎና 4 ኪሎ፣ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር 1.9 ቶን ያህል።

ጥያቄ፦ የብረት ፋብሪካዎች ተዘግተው ብረቱን ከውጭ የምታስገባ አገር ልቀቷ ቀነሰ ማለት ይቻላል? (ነጋዴ)

መልስ፦ በአገር ወሰን በሚሠራው ቆጠራ፣ አዎ፤ ጭሱ የሚመዘገበው በተነሣበት አገር ነው። በሸማች በኩል በሚሠራው ሒሳብ ግን ከብረቱ ጋር አብሮ ገብቷል። ቻይና በዲሴምበር 2001 የዓለም ንግድ ድርጅትን ከተቀላቀለች በኋላ ሁለቱ ሒሳቦች መራራቃቸው ዓይን ውስጥ ገባ። ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የካርቦን ዋጋ ለመጣል የተዘረጋው የአውሮፓ ኅብረት የድንበር ካርቦን ሥርዓት ሪፖርት መጠየቅ የጀመረው ኦክቶበር 1 ቀን 2023 ነው፤ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማዳበሪያ፣ ሃይድሮጅንና የኤሌክትሪክ ኃይል ላይ። እዚያ ነዳጁና ሂደቱ ለአንድ ቶን ምርት በአንድነት ይታያሉ፤ የሰንጠረዥ ረድፍ መለያየቱ ላኪውን አያድነውም።

ጥያቄ፦ የ30 ዓመቱን መስመር ቀጥ አድርጌ እስከ 2050 ብስበው ምን ችግር አለው? (የዕቅድ ባለሙያ)

መልስ፦ የኢንዱስትሪ ልቀት እንደ ሕዝብ ቁጥር ቀስ እያለ አይንቀሳቀስም፤ በደረጃ ይዘላል። በትንሽ አገር አንድ አዲስ ኪልን ሲለኮስ የአገሪቱ መስመር ይታጠፋል። ኪልን 30 እና 40 ዓመት ይኖራል፤ ብላስት ፈርነስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጡ እንደገና በሙቀት መከላከያ ጡብ ይለበጣል። ነዳጅ ለመለወጥ ወይም ለመዝጋት የሚመቸው ያ ቀን ነው፤ ካለፈ ሌላ 15 ዓመት።

ስለዚህ መስመሩን ከመሳብ ይልቅ ዝርዝር ያዘጋጁ። እያንዳንዱን ትልቅ ምድጃ፣ የተተከለበትን ዓመት፣ ነዳጁን፣ የሚሠራበትን ሙቀት፣ ቀጣይ ትልቅ ጥገናውን። ሙቀቱ ወሳኝ ነው። ለማድረቅ፣ ለማጠብና ለማብሰል የሚሆነው ከ200 ዲግሪ በታች ያለ እንፋሎት በኤሌክትሪክ ቦይለር ዛሬ ሊተካ ይችላል፣ ዝቅተኛው ደግሞ በሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከአካባቢው ስቦ ከፍ በሚያደርግ መሣሪያ)። ጡብ 900 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ክሊንከር 1,450 ዲግሪ ይፈልጋል፤ እዚያ ምርጫው የሚቃጠለውን መለወጥ፣ በሲሚንቶው ውስጥ ያለውን ክሊንከር መቀነስ ወይም ጋዙን መያዝ ነው። ሁለቱን ቡድኖች በአንድ የቅነሳ መቶኛ መምታት ዕቅዱን ከመጀመሪያው ያበላሸዋል።

ዝርዝሩ ውስጥ የቆሙትንም ያስገቡ። ተዘግቶ ያልፈረሰ ምድጃ ቀዝቃዛ ነው እንጂ የለም አይባልም፤ ነዳጅ ሲረክስ ወይም የሲሚንቶ ዋጋ ሲወጣ የሚለኮሰው መጀመሪያ እሱ ነው፣ ያውም በቶን ክሊንከር 5 እና 6 ጊጋጁል የሚበላው የእርጥብ ዘዴ አሮጌው።